ኮምፓይለር ከታደሰ በኋላ የተሰበሩ ላይብረሪዎችን መጠገን

ጂሲሲን (በሊኑክስ ላይ የሲ እና የሲ++ ኮድን ወደ ፕሮግራም የሚቀይረውን ኮምፓይለር) ስታዘምኑ የሚመጣው ኮምፓይለሩ ብቻውን አይደለም። ሊብኤስቲዲሲ++፣ ሊብጂሲሲ_ኤስ፣ ሊብጎምፕ፣ ፎርትራን ካለም ሊብጂፎርትራን የሚባሉ ላይብረሪዎች፣ ማለትም ፕሮግራሞች የሚጋሯቸው የኮድ ፋይሎች፣ አብረውት ይመጣሉ። በሲ++ የተጻፈ ፕሮግራም በተነሳ ቁጥር ከእነዚህ የሚያስፈልጉትን ከዲስክ ፈልጎ ይጭናል። ትናንት ሲሠራ የዋለ፣ ማንም ያልነካው ፕሮግራም ዛሬ አልነሳም ካለ የተቀየረው ከሥሩ ያለው መሠረት ነው።

ይህ መመሪያ ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ የትምህርት ቤት ላብራቶሪ፣ የቢሮ ሰርቨር ወይም የፋብሪካ ማሽን ላይ ያለ ኮምፒውተር ለሚይዙ ሰዎች ነው። ምሳሌዎቹ ኡቡንቱና ዴቢያን ላይ ናቸው። ትእዛዞቹ፣ የፋይል ስሞቹና የስህተት መልእክቶቹ እዚህ በአነባበባቸው ተጽፈዋል፤ ተርሚናሉ ላይ ግን በላቲን ፊደል ይተየባሉ። ለምሳሌ «ኤልዲዲ» ሦስት ፊደል ነው፦ ኤል፣ ዲ፣ ዲ። «ሊብኤስቲዲሲ++.ኤስኦ.6» ሲባልም ነጥቦቹ፣ መደመሪያዎቹና ቁጥሩ እንዳሉ ይጻፋሉ።

ከሁሉ በፊት አንድ ማሳሰቢያ። ይህ ችግር ሲገጥም ብዙ ሰው የሚሮጠው ከሌላ ኮምፒውተር ሊብኤስቲዲሲ++.ኤስኦ.6 የሚባለውን ፋይል በፍላሽ አምጥቶ በነበረው ላይ ለመገልበጥ ነው። አታድርጉት። በሥራ ላይ ባለ ላይብረሪ ላይ በ«ሲፒ» ትእዛዝ ሲገለበጥ ያው ፋይል ባዶ ሆኖ እንደገና ይጻፋል። በዚያች ቅጽበት ላይብረሪውን ይዘው የሚሠሩ ፕሮግራሞች ሁሉ እግራቸው ሥር ያለው መሬት ይናዳል። የመጣው ፋይል ከነበረው ያነሰ ቨርዥን ከሆነ ደግሞ «ኤፒቲ» (የሲስተሙ ፓኬጅ መጫኛ) ራሱ መነሳት ያቆማል፤ እሱም በሲ++ የተጻፈ ነውና። ከዚህ መውጫው ከታች አለ፤ አለመግባቱ ግን ይሻላል።

መልእክቱን አንብቡ

የስህተት መልእክቱ ከሦስት አንዱ ነው፤ እያንዳንዱ የሚመራው ወደተለያየ ቦታ ነው።

«ካኖት ኦፕን ሼርድ ኦብጀክት ፋይል» ካለ ፋይሉ ጭራሽ አልተገኘም። ወይ ጠፍቷል፣ ወይ ሎደሩ (ፕሮግራም ሲነሳ ላይብረሪዎቹን ፈልጎ የሚጭነው ክፍል) በማይፈልግበት ፎልደር ውስጥ ተቀምጧል፣ ወይ ስሙ ተቀይሯል። ስም በመቀየር የሚታወቀው ሊብጂፎርትራን ነው፦ እስከ ጂሲሲ 6 ድረስ መጨረሻው .ኤስኦ.3 ነበር፣ በጂሲሲ 7 .ኤስኦ.4 ሆነ፣ ከጂሲሲ 8 ጀምሮ .ኤስኦ.5 ነው። የ3ቱን የሚጠራ የድሮ የስሌት ፕሮግራም 5ቱን ቢያይ አይቀበልም። በ3 ስም ወደ 5 ሊንክ ሠርታችሁ አታታልሉት፤ ውስጣቸው አንድ አይደለም፣ ፕሮግራሙም ቢነሳ የሚያወጣው ቁጥር አይታመንም።

«ቨርዥን ጂኤልአይቢሲኤክስኤክስ_3.4.32 ኖት ፋውንድ» ካለ ፋይሉ ተገኝቷል፣ ግን አሮጌ ነው። ብዙው ችግር እዚህ ያርፋል። መልእክቱ ውስጥ «ሲኤክስኤክስ» የሚለው ሳይኖር «ጂኤልአይቢሲ_2.34» ብቻ ካለ ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ጂሊብሲን (ፕሮግራሞች ሁሉ ማለት ይቻላል የቆሙበትን የሲ ላይብረሪ) ይመለከታል፣ መድኃኒቱም የተለየ ነው።

«አንዲፋይንድ ሲምቦል» ብሎ ረጅም የተቆላለፈ ስም ካወጣ ፋይሉም አለ፣ ቨርዥኑም ይበቃል፤ ሁለት ወገኖች፣ ፕሮግራሙና ላይብረሪው፣ የተጠረቡበት (ኮምፓይል የተደረጉበት) ውል ግን አልገጠመም።

ማን ማንን ይሸከማል

ሊብኤስቲዲሲ++ ከጂሲሲ 3.4 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2004 ወዲህ፣ ስሙን አልቀየረም፤ እስከ ዛሬ .ኤስኦ.6 ነው። አዲስ ነገር ሲጨመርበት አዲስ የቨርዥን ማኅተም (ከላይ እንዳየነው ጂኤልአይቢሲኤክስኤክስ_3.4.32 ያለ) ይታከላል እንጂ የድሮው አይወጣም። ስለዚህ አዲሱ ላይብረሪ የድሮውን ፕሮግራም ይሸከማል፤ የድሮው ላይብረሪ ግን አዲሱን ፕሮግራም አይችልም። ይህን አቅጣጫ የያዘ ሰው ግማሹን ሥራ ጨርሷል።

ማኅተሞቹ እንዲህ ይሄዳሉ፦ ጂሲሲ 9.1 3.4.26ን ይዞ መጣ፣ ጂሲሲ 10 3.4.28ን፣ 11 3.4.29ን፣ 12 3.4.30ን፣ 13.1 3.4.31ን፣ 13.2 3.4.32ን፣ 14 ደግሞ 3.4.33ን። በሲስተሞቹ በኩል ኡቡንቱ 20.04 እና ዴቢያን 11 እስከ 3.4.28 ያውቃሉ፤ ኡቡንቱ 22.04 እና ዴቢያን 12 እስከ 3.4.30፤ ኡቡንቱ 24.04 እስከ 3.4.33። ኡቡንቱ 22.04 የራሱ ኮምፓይለር ጂሲሲ 11 ሆኖ ሳለ ላይብረሪው የ12 መሆኑ አያስገርም፤ ኡቡንቱ ላይብረሪውን ከኮምፓይለሩ አንድ እርምጃ አስቀድሞ ያስቀምጣል።

ደሴ ላይ በኡቡንቱ 24.04 ላፕቶፕ የተጠረበ ፕሮግራም በፍላሽ ወርዶ ኮምቦልቻ ላይ 22.04 ካለው ማሽን ጋር ሲገናኝ የሚሆነውን ከዚሁ ማየት ይቻላል። ፕሮግራሙ ስክሪን ላይ አንድ መስመር ብቻ የሚጽፍ ቢሆን እንኳ «አይኦስትሪም»ን እስከተጠቀመ ድረስ 3.4.32ን ይጠይቃል፤ የ24.04 ኮምፓይለር የሆነው ጂሲሲ 13 የግቤትና ውጤት ማስጀመሪያውን ከፕሮግራሙ አውጥቶ ወደ ላይብረሪው ስላስገባው ነው። የኮምቦልቻው ማሽን ደግሞ 3.4.30 ላይ ይቆማል። ማሽኑ አልተበላሸም፣ ፕሮግራሙም አልተበላሸም።

ሎደሩ የትኛውን ፋይል እንደሚያነሳ ማወቅ

ከመጠገን በፊት ይህ መረጋገጥ አለበት። በአንድ ኮምፒውተር ላይ ሦስትና አራት ሊብኤስቲዲሲ++ መገኘቱ የተለመደ ነው፦ አንዱ የሲስተሙ፣ አንዱ /ዩኤስአር/ሎካል ሥር ከምንጭ ኮድ የተጠረበ፣ አንዱ አናኮንዳ (ፓይተንን ከነላይብረሪዎቹ የሚያመጣ ጥቅል፣ በአጭሩ ኮንዳ) ውስጥ፣ አንዱም ከሆነ ትልቅ ሶፍትዌር ጋር ታሽጎ የመጣ።

ኤልዲዲ ./ፕሮግራሙ

ይህ እያንዳንዱ ላይብረሪ ከየት እንደሚመጣ ከነሙሉ መንገዱ ያሳያል። «ኖት ፋውንድ» ያለበትን መስመርና ከ/ዩኤስአር/ሊብ/ኤክስ86_64-ሊኑክስ-ጂኤንዩ ውጭ የሚያመለክተውን መስመር ፈልጉ። ከማታምኑት ሰው የመጣ ፕሮግራም ላይ ግን ኤልዲዲን አትጠቀሙ፤ ፕሮግራሙን ሊያስነሳው ይችላል። ለዚያ «ኦብጅደምፕ -ፒ» የሚለው ሳያስነሳ ያነባል፤ «ኒድድ» የሚሉትን መስመሮች ተመልከቱ።

ኤልዲዲ በቂ ካልሆነ፣ በተለይ ፕሮግራሙ ከተነሳ በኋላ ተጨማሪ ላይብረሪ የሚጭን ከሆነ (ፓይተን እንዲህ ነው)፣ ሎደሩን ራሱን ማናገር ነው፦

ኤልዲ_ዲበግ=ሊብስ ./ፕሮግራሙ

እዚህ ላይ «ኤልዲ_ዲበግ» በትልልቅ ፊደላት፣ «ሊብስ» በትንንሽ ይጻፋል። ሎደሩ በር በበር ሲዞር፣ የትኛውን ሞክሮ የትኛውን እንደያዘ በሙሉ ይዘረዝራል። የሚዞርበት ቅደም ተከተል ይህ ነው፦ መጀመሪያ ፕሮግራሙ ውስጥ የተጻፈው የድሮው አርፓዝ (ላይብረሪ የሚፈለግበት ፎልደር ስም)፣ ቀጥሎ ተርሚናሉ ላይ የሚታወጀው ተለዋዋጭ ኤልዲ_ላይብረሪ_ፓዝ፣ ከዚያ ራንፓዝ (እንደ አርፓዝ ፕሮግራሙ ውስጥ የሚጻፍ፣ አዲሱ ዓይነት)፣ ከዚያ ኤልዲኮንፊግ ያዘጋጀው ማውጫ፣ በመጨረሻ /ሊብ እና /ዩኤስአር/ሊብ። ፕሮግራሙ ውስጥ ራንፓዝ ካለ አርፓዙ ይታለፋል። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ኤልዲ_ላይብረሪ_ፓዝ ነው፤ አንድ ሰው አንድ ቀን ለአንድ ፕሮግራም ብሎ ተርሚናል ሲከፈት በሚነበበው በባሽአርሲ ፋይሉ ውስጥ ጽፎት ተረስቶ የቀረ። ባዶ አድርጋችሁ ሞክሩ፦

ኤልዲ_ላይብረሪ_ፓዝ= ./ፕሮግራሙ

ከሠራ ምርመራው አለቀ፤ መስመሩን ከባሽአርሲ አውጡት።

ፋይሉ ከታወቀ በኋላ ውስጡ የትኞቹ ማኅተሞች እንዳሉ ለማየት፦

ስትሪንግስ የፋይሉ-መንገድ | ግሬፕ ጂኤልአይቢሲኤክስኤክስ

ዝርዝሩ ውስጥ መልእክቱ የጠየቀው ቁጥር ከሌለ ይህ ፋይል አይበቃም። ሌላኛው ቅጂ ውስጥ ካለ ደግሞ ሎደሩ የተሳሳተውን እየያዘ ነው ማለት ነው። በአናኮንዳ በኩል የሚታየው ይህኛው ነው፦ ኮንዳ ያመጣው ላይብረሪ ከሲስተሙ ያንሳል፤ ፓይተን እሱን ቀድሞ ይጭነዋል፤ በሲስተሙ ኮምፓይለር የተጠረበው ሞጁል ሲመጣ ቦታው ተይዟል። በአንድ ፕሮሰስ ውስጥ ሁለት .ኤስኦ.6 አይጫንም። መፍትሔው በዚያው የኮንዳ አካባቢ ውስጥ ላይብረሪውን ማሳደግ ነው፣ ወይም ሞጁሉን በኮንዳው ኮምፓይለር መጥረብ።

ኤፒቲ ራሱ ሲሰበር

ይህን ክፍል ሳይቸኩሉ ማንበብ ይገባል። ሩት (የሲስተሙ አስተዳዳሪ) ሆኖ የተከፈተ ተርሚናል ካላችሁ አትዝጉት። ኮምፒውተሩንም ሪስታርት አታድርጉ፤ የማይነሱትን አገልግሎቶች ከማብዛት በቀር ምንም አይፈታም።

ልብ የሚያሳርፈው ነገር ዲፒኬጂ (ከኤፒቲ ሥር ሆኖ ፓኬጆችን የሚጭነው) የተጻፈው በሲ መሆኑ ነው። ሊብኤስቲዲሲ++ ቢሰበር እሱ ይሠራል። ደብሊውጌት፣ ሲፒ፣ ኤልኤን፣ ኤልዲኮንፊግም እንዲሁ። ኤፒቲ ስለሞተ ሲስተሙ ሞቷል ብላችሁ ኮምፒውተሩን ፎርማት አታድርጉ።

መጀመሪያ ማውጫውን እዩ፦

ኤልዲኮንፊግ -ፒ | ግሬፕ ሊብኤስቲዲሲ++

ከሲስተሙ ፎልደር በፊት /ዩኤስአር/ሎካል/ሊብ ወይም /ኦፕት የሚል መስመር ካለ ጥፋተኛው እሱ ነው። ከዚያ ፎልደር ውስጥ በሊብኤስቲዲሲ++.ኤስኦ የሚጀምሩትን ሁሉ ወደ /ሩት ፎልደር በ«ኤምቪ» አንሷቸው፣ ቀጥሎ «ሱዶ ኤልዲኮንፊግ» በሉ። ኤፒቲ በዚያው ይነሳል። አትሰርዟቸው፤ በእነሱ የተጠረበ ፕሮግራም ሊኖር ይችላል።

ማውጫው ንጹሕ ከሆነ የሲስተሙን ፎልደር ተመልከቱ፦

ኤልኤስ -ኤል /ዩኤስአር/ሊብ/ኤክስ86_64-ሊኑክስ-ጂኤንዩ/ሊብኤስቲዲሲ++*

.ኤስኦ.6 የሚለው ራሱ ፋይል መሆን የለበትም፤ ወደ ትክክለኛው ፋይል የሚያመለክት ሊንክ ነው። በኡቡንቱ 22.04 የሚያመለክተው ወደ .ኤስኦ.6.0.30 ነው፣ በ20.04 ወደ .ኤስኦ.6.0.28፣ በ24.04 ወደ .ኤስኦ.6.0.33። ትክክለኛው ፋይል እዚያው ካለና ሊንኩ ብቻ ከተበላሸ፣ ፎልደሩ ውስጥ ገብታችሁ፦

ሱዶ ኤልኤን -ኤስኤፍ ሊብኤስቲዲሲ++.ኤስኦ.6.0.30 ሊብኤስቲዲሲ++.ኤስኦ.6

ፋይሉ ራሱ ከተጻፈበት ወይም ከጠፋ ፓኬጁን እንደገና ማስገባት ነው። /ቫር/ካሽ/ኤፒቲ/አርካይቭስ ውስጥ በሊብኤስቲዲሲ++6 የሚጀምር .ዴብ ፋይል ካለ እሱን ተጠቀሙ። ከሌለ ከኡቡንቱ የፓኬጅ ገጽ በስልክም ማውረድ ይቻላል፤ መጠኑ ከ1 ሜጋባይት በታች ስለሆነ ለትንሽ የዳታ ጥቅልም አይከብድም። ሁለት ነገር መግጠም አለበት፦ የሲስተሙ ቨርዥን (/ኢቲሲ/ኦኤስ-ሪሊዝ ውስጥ ተጽፏል) እና አርክቴክቸሩ (ዲፒኬጂ --ፕሪንት-አርክቴክቸር ይነግራችኋል፤ ብዙውን ጊዜ ኤኤምዲ64 ነው፣ ፕሮሰሰሩ ኢንቴል ቢሆንም)። ከዚያ፦

ሱዶ ዲፒኬጂ -አይ የፋይሉ-ስም.ዴብ
ሱዶ ኤልዲኮንፊግ
ዲፒኬጂ -ቪ ሊብኤስቲዲሲ++6

የመጨረሻው ትእዛዝ ቪ ትልቅ ፊደል ነው። ምንም ካላወጣ ፋይሎቹ ከፓኬጁ ጋር አንድ ናቸው። የጥያቄ ምልክቶች መካከል 5 ቁጥር ካለ የፋይሉ ይዘት አሁንም ተለውጧል።

በመሃል ኤፒቲን ለጊዜው ማስነሳት ካስፈለገ ጤነኛውን ላይብረሪ ለብቻው ፎልደር ውስጥ አስቀምጣችሁ በኤልዲ_ላይብረሪ_ፓዝ አመልክቱት። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ነገር አለ፦ ሱዶ ለደህንነት ሲል ይህን ተለዋዋጭ ይጥለዋል። መጀመሪያ «ሱዶ -አይ» ብላችሁ ሩት ሁኑ፣ ከዚያ ተለዋዋጩን ከትእዛዙ ፊት ጻፉ።

መብራት በመሃል ሲሄድ

ደሴም ኮምቦልቻም ላይ ይህ አልፎ አልፎ የሚመጣ ነገር ስለሆነ ማዘመኑን ለሁለት ክፈሉት። ማውረዱ ረጅም ነው፣ ቢቋረጥም ጉዳት የለውም፤ መጫኑ አጭር ነው፣ መቋረጥ የማይገባውም እሱ ነው።

ሱዶ ኤፒቲ ፉል-አፕግሬድ --ዳውንሎድ-ኦንሊ

ይህን ማታ መስመሩ ሲቀል አውርዱት። ጠዋት ዩፒኤሱ ሞልቶ፣ ወይም የላፕቶፑ ባትሪ ሙሉ ሆኖ፣ ያለ መጨረሻው ቃል ድገሙት። ከደሴ ሆናችሁ ኮምቦልቻ ያለ ሰርቨር በኤስኤስኤች የምታዘምኑ ከሆነ ደግሞ በ«ስክሪን» ወይም በ«ቲመክስ» ውስጥ አድርጉት፤ መስመሩ ቢቋረጥ ሥራው ሰርቨሩ ላይ ይቀጥላል። ያለዚያ ግማሽ ላይ የቆመ ሰርቨር ለማንሳት የሐረጎን ጠመዝማዛ መውረድ ሊመጣ ነው።

ከተቋረጠ በኋላ፦

ሱዶ ዲፒኬጂ --ኮንፊገር -ኤ
ሱዶ ኤፒቲ --ፊክስ-ብሮክን ኢንስቶል

እነዚህ አብዛኛውን ያስተካክላሉ። ካልሆነ መጠናቸው ዜሮ የሆኑ ፋይሎች ፈልጉ፤ መብራት ሲጠፋ ስሙ ተመዝግቦ ይዘቱ ዲስክ ላይ ሳይደርስ የሚቀር ፋይል አለ። ኤልዲኮንፊግ ሲሮጥ «ኢዝ ኤምፕቲ፣ ኖት ቼክድ» ካለ ስማቸውን እየነገራችሁ ነው። «ዲፒኬጂ -ኤስ» (ኤስ ትልቅ) ከፋይሉ መንገድ ጋር ስታስገቡ የየትኛው ፓኬጅ እንደሆነ ይናገራል፤ ያንን ፓኬጅ «ኤፒቲ ኢንስቶል --ሪኢንስቶል» በሉት። የወረደው .ዴብ ራሱ ተቆርጦ ሊሆን ስለሚችል አስቀድማችሁ «ኤፒቲ ክሊን» ማለት ጥሩ ነው።

ውል ሲለወጥ፦ ሲኤክስኤክስ11

«አንዲፋይንድ ሲምቦል» ባለው ስም ውስጥ «ሲኤክስኤክስ11» የሚል ካያችሁ ነገሩ ከ2015 የመጣ ነው። በዚያ ዓመት ሚያዝያ ወር የወጣው ጂሲሲ 5.1 የጽሑፍ (ስትሪንግ) እና የዝርዝር (ሊስት) አሠራርን ቀየረ፤ የሲ++11 ደረጃ የድሮውን የመጋራት ዘዴ ስለከለከለ። በ64 ቢት ማሽን ላይ የድሮው ስትሪንግ 8 ባይት ነበር፣ ወደ ይዘቱ የሚያመለክት አንድ አድራሻ ብቻ። አዲሱ 32 ባይት ነው፣ እስከ 15 ባይት የሚደርስ ጽሑፍም በራሱ ውስጥ ይይዛል። ሊስት ከ16 ወደ 24 ባይት አደገ።

ሰኞ ገበያ ላይ አንዱ በቁና ሰፍሮ ሲሰጥ ሌላው በኪሎ እየቆጠረ ቢቀበል፣ ጤፉ ያው ጤፍ ሆኖ ሳለ ሒሳቡ አይገናኝም። በድሮው ኮምፓይለር የተጠረበ ላይብረሪና በአዲሱ የተጠረበ ፕሮግራም ስትሪንግ ሲቀባበሉ የሚሆነው ይህ ነው። የላይብረሪው ስም .ኤስኦ.6 ሆኖ ስለቀረና ሁለቱንም አሠራር በአንድነት ስለያዘ ከውጭ ሲታይ ለውጡ አይታወቅም። ዴቢያን በዚያ ዓመት የተነኩትን የላይብረሪ ፓኬጆች ስማቸው መጨረሻ ላይ «ቪ5» ጨምሮ እንደገና ጠረባቸው፤ ዛሬም በፓኬጅ ስሞች ላይ የምታዩት ቅጥያ የዚያ ዘመን ነው።

የትኛው ወገን በየትኛው እንደተጠረበ ለማየት፦

ኤንኤም -ዲ -ሲ ሊብየእኔ.ኤስኦ | ግሬፕ ሲኤክስኤክስ11

ዲና ሲ ትልልቅ ናቸው። አንዱ ወገን ብዙ መስመር ሲያወጣ ሌላው ስትሪንግ እየተጠቀመ ምንም ካላወጣ ውላቸው ተለያይቷል። የተቆላለፈ ስም ብቻ ካላችሁ «ሲ++ፊልት» ወደሚነበብ መልክ ይፈታዋል።

መልእክት የሚያወጣው እንዲያውም ቀላሉ ነው። ስትሪንጉ በሌላ ስትራክት ውስጥ ተደብቆ ከሆነ የፈንክሽኑ ስም አይለወጥም። ፕሮግራሙ ያለ ምንም ቅሬታ ይገጣጠማል፣ ይነሳል፣ ከዚያ በማይጠበቅ ቦታ «ሴግመንቴሽን ፎልት» ብሎ ይወድቃል። ከኮምፓይለር ማዘመን በኋላ ድንገት መውደቅ የጀመረ ፕሮግራም ካለ ኮዱን ከመመርመር በፊት ሁሉም ክፍሎቹ በአንድ ኮምፓይለር መጠረባቸውን አረጋግጡ።

ምንጭ ኮዱ በእጃችሁ ከሆነ መፍትሔው አንድ ነው፦ ሁሉንም እንደገና መጥረብ። ሁሉንም ሲባል ከታች ካለው ላይብረሪ ተነስቶ እስከ ላይ ነው፤ አንዱን ብቻ ማደስ ችግሩን ቦታ ያዛውረዋል። «ሜክ ክሊን» በሉ፤ ሲሜክ ከሆነ የቢልድ ፎልደሩን ሙሉ በሙሉ አጥፍታችሁ ከባዶ ጀምሩ፣ ያለዚያ የድሮዎቹ .ኦ ፋይሎች ተመልሰው ይገባሉ።

ምንጭ ኮዱ ከሌለ፣ ለምሳሌ ከአንድ የመለኪያ መሣሪያ ጋር የመጣ የተዘጋ ላይብረሪ ከሆነ፣ የሚታጠፈው የእናንተው ወገን ነው። ኮዳችሁን በዚህ ምርጫ ጥረቡት፦

-ዲ_ጂኤልአይቢሲኤክስኤክስ_ዩዝ_ሲኤክስኤክስ11_ኤቢአይ=0

ሁሉም ፊደል ትልቅ ነው። ይህን ስታደርጉ ስትሪንግ የሚቀባበሉ ሌሎች የሲ++ ላይብረሪዎችም (ቡስት ቢሆን፣ ሌላ ቢሆን) በዚሁ ምርጫ መጠረብ አለባቸው፤ ከኤፒቲ የመጡት በ1 የተጠረቡ ናቸውና አይገጥሙም። የማሽን ትምህርት ላይብረሪ የሆነው ፓይቶርችም ለዓመታት በፒፕ የሚወርዱት የሊኑክስ ፓኬጆቹ በ0 የተጠረቡ ነበሩ። ለእሱ ኤክስቴንሽን የሚጽፍ ተማሪ ቁጥሩን ከመገመት «ቶርች.ኮምፓይልድ_ዊዝ_ሲኤክስኤክስ11_ኤቢአይ()» ብሎ ከራሱ ከፓይቶርች መጠየቅ ይችላል።

ጂሊብሲን አትንኩ

«ጂኤልአይቢሲ_2.34 ኖት ፋውንድ» ወይም 2.38 ሲባል ብዙ ሰው ጂሊብሲን አውርዶ በእጁ ለመጫን ይሞክራል። ሊብሲ.ኤስኦ.6 ከተበላሸ ግን ኤልኤስም፣ ሲፒም፣ ሱዶም፣ ዲፒኬጂም አይነሱም። ቀደም ያለው ማዳኛ በሙሉ እዚህ ላይ አይሠራም። ከዩኤስቢ ኡቡንቱ አስነስቶ ዲስኩን ከውጭ ከመጠገን ሌላ የሚያስተማምን መንገድ የለም።

ኡቡንቱ 20.04 እና ዴቢያን 11 ጂሊብሲ 2.31 ይይዛሉ፣ 22.04 2.35፣ ዴቢያን 12 2.36፣ 24.04 2.39። በ2021 የወጣው 2.34 ቀድሞ ለብቻቸው የነበሩትን የትሬድና የላይብረሪ መጫኛ ክፍሎች ወደ ሊብሲ ስላጠቃለለና የፕሮግራም ማስጀመሪያውንም ስለቀየረ፣ ከእሱ ወዲህ ባለ ሲስተም የተጠረበ ፕሮግራም ሁሉ ከዚያ በታች አይነሳም። መድኃኒቱ ፕሮግራሙን በአሮጌው ሲስተም ላይ መጥረብ ነው፦ ፕሮግራሙ ከሚደርስባቸው ማሽኖች ሁሉ አሮጌውን ምረጡና እዚያ ጥረቡ፣ ወይም በዶከር የኡቡንቱ 20.04 ኢሜጅ አውርዳችሁ በውስጡ። ወደ ላይ ሲሄድ ይሠራል፤ ወደ ታች አይሠራም።

አዲስ ኮምፓይለር የግድ ሲያስፈልግ

ቀላሉ መንገድ የኤፒቲ ነው። በኡቡንቱ 22.04 ላይ «ጂ++-12» ብላችሁ ስትጭኑ ከ11 ጎን ይቀመጣል፤ ላይብረሪው ቀድሞም የ12 ስለሆነ የሚሰበር የለም። ከ12 በላይ ለማግኘት «ኡቡንቱ-ቱልቼይን-አር/ቴስት» የሚባለውን ፒፒኤ (ከኡቡንቱ ዋና ማከማቻ ውጭ ያለ የፓኬጅ ምንጭ) የሚጨምሩ አሉ። ኮምፓይለሩን ስትጭኑ የሲስተሙም ሊብኤስቲዲሲ++6 አብሮ እንደሚያድግ እወቁ። ወደ ላይ ስለሆነ ጉዳት የለውም፤ ፒፒኤውን አውጥታችሁ ላይብረሪውን ወደ ኋላ የመለሳችሁ ቀን ግን በመሃል የጠረባችሁት ሁሉ ይቆማል።

ከምንጭ ኮድ የምትጠርቡ ከሆነ መድረሻውን /ኦፕት ሥር ለብቻው አድርጉ፣ /ዩኤስአር/ሎካል በፍጹም አይሁን። የምንጭ ኮዱ ከ80 ሜጋባይት ያልፋል። ፎልደሩ ውስጥ ሆናችሁ «./ኮንትሪብ/ዳውንሎድ_ፕሪሪኩዚትስ» ስትሉ ጂኤምፒን፣ ኤምፒኤፍአርን እና ኤምፒሲን ያወርዳል። ከዚያ ከምንጩ ውጭ ሌላ ባዶ ፎልደር ከፍታችሁ፦

../ጂሲሲ-13.2.0/ኮንፊገር --ፕሪፊክስ=/ኦፕት/ጂሲሲ-13 --ኢነብል-ላንጉጅስ=ሲ,ሲ++ --ዲሴብል-መልቲሊብ
ሜክ -ጄ4
ሱዶ ሜክ ኢንስቶል

4 የሚለው በአንድ ጊዜ የሚሮጡ ሥራዎች ቁጥር ነው። ለእያንዳንዱ አንድ ጊጋባይት ራም ያህል ቁጠሩ፤ ለሲስተሙም መትረፍ ስላለበት 4 ጊጋባይት ባለው ማሽን ላይ ወደ 2 አውርዱት፣ ያለዚያ ራም ሞልቶ መሃል ላይ ይገደላል። ሰዓታት ይወስዳል፣ ጊጋባይቶች የሚቆጠር ባዶ ዲስክም ይፈልጋል። ስለዚህ መብራት አስተማማኝ በሆነበት ጊዜ ጀምሩ፤ ከተቋረጠም ያንኑ «ሜክ» መድገም ከቆመበት ይቀጥላል።

አዲሶቹ ላይብረሪዎች የሚያርፉት /ኦፕት/ጂሲሲ-13/ሊብ64 ውስጥ ነው። ይህን ፎልደር ወደ ኤልዲኮንፊግ ማውጫ አታስገቡት፣ በኤልዲ_ላይብረሪ_ፓዝም አታውጁት። የሚፈልገው ፕሮግራም ብቻ እንዲያውቀው ሲጠረብ ይጻፍበት፦

/ኦፕት/ጂሲሲ-13/ቢን/ጂ++ ዋና.ሲፒፒ -ኦ ፕሮግራም -ደብሊውኤል,-አርፓዝ,/ኦፕት/ጂሲሲ-13/ሊብ64

እዚህ «ደብሊውኤል» ሲጻፍ ደብሊው ትልቅ፣ ኤል ትንሽ ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ኡቡንቱና ዴቢያን ይህን ሲጽፉት ራንፓዝ አድርገው ነው፤ ራንፓዝ ደግሞ ለፕሮግራሙ እንጂ እሱ ለሚጠራቸው ላይብረሪዎች አይተላለፍም። የራሳችሁ .ኤስኦ ካለ እሱም ላይ ለብቻው ጻፉት። ፕሮግራሙ ወደ ሌላ ማሽን የሚሄድ ከሆነ «-ስታቲክ-ሊብኤስቲዲሲ++ -ስታቲክ-ሊብጂሲሲ» ብላችሁ ላይብረሪውን ውስጡ አስገቡት፤ ፋይሉ ይከብዳል፣ ግን የሌላውን ማሽን ሊብኤስቲዲሲ++ አይጠብቅም። ጂሊብሲውን ግን አሁንም ይጠብቃል። ስትሪንግ ከሌሎች የሲ++ .ኤስኦ ፋይሎች ጋር የሚቀባበል ፕሮግራም ላይ ይህን አታድርጉ፤ ሁለት ቅጂ ላይብረሪ አንድ ቤት ሲያድር ይጋጫል።

ሥራው ሲያልቅ በእጅ የተጠረቡትን ሁሉ አንድ ጊዜ መፈተሽ ነው፤ ኤፒቲ የጫነውን ኤፒቲ ይከታተላል፣ /ዩኤስአር/ሎካል እና /ኦፕት ሥር ያለውን ግን ማንም አይከታተልም፦

ፋይንድ /ዩኤስአር/ሎካል /ኦፕት -ታይፕ ኤፍ -ኤግዘክ ኤልዲዲ {} \; 2>/ዴቭ/ነል | ግሬፕ 'ኖት ፋውንድ' | ሶርት -ዩ

«ታይፕ»ን የሚከተለው ኤፍ ትንሽ ፊደል ነው። ባዶ ከመለሰ ሁሉም ላይብረሪውን አግኝቷል። ከዚያ በፊት የተነሱ አገልግሎቶች ግን አሮጌውን ላይብረሪ በሜሞሪ እንደያዙ ናቸው። «ሱዶ ኒድሪስታርት» ስማቸውን ይዘረዝራል፤ ሥራ በማይበዛበት ሰዓት አንድ በአንድ አስነሷቸው።